ያላየሽውን ባዶ ተዪው፦ የሣር ክልክል ፍጥረታትን መሳል ለምትማር መምህርት

ከደረሰን ደብዳቤ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኩታበር አቅራቢያ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካባቢ ሳይንስ መምህርት ነኝ፤ ዕድሜዬ 24 ነው። አያቴ ከቤታችን ጀርባ የሚጠብቁት የሣር ክልክል አለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ተቀምጬ አበባውን፣ ፌንጣውን፣ ወፉን መሳል ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። የማየው ነገር ያስደስተኛል፤ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ግን ያሳፍረኛል። ፌንጣዬ የልጆች መጫወቻ ይመስላል፣ ወፎቹ ሳልጨርስ ይበርራሉ፣ አረንጓዴዬ የቆርቆሮ በር ቀለም ይሆናል። በስልክ አንሥቼ ቤት ስሥለው ንጹሕ ይሆናል፤ ሕይወት ግን የለውም። አንዳንዴም ቦረና ሳይንት ወይም አቡነ ዮሴፍ ሄጄ ቀይ ቀበሮ ካልሳልኩ በቀር ሥራዬን ማን ቁም ነገር ይለዋል እላለሁ። እናቴ ደግሞ ሥዕል እንጀራ አይሆንም ትላለች። አዲስ አበባ ሄጄ የሥዕል ትምህርት ካልተማርኩ ለመጽሐፍ የሚበቃ የዕፅዋትና የእንስሳት ሥዕል መሥራት አልችልም ማለት ነው? ምን ልግዛ? ከምንስ ልጀምር?»

የክልክሉ ጎረቤት፣ ከኩታበር

ውድ የክልክሉ ጎረቤት፣

ከደብዳቤሽ ጋር ያያያዝሻቸውን ሦስት ገጾች በአጉሊ መነጽር ጭምር ደጋግሜ ተመለከትኋቸው። እጅሽ ጥሩ ነው። መስመርሽ አይንቀጠቀጥም፣ እርሳሱንም ወረቀቱ ላይ አትጫኚውም፤ ስለዚህ ችግሩን ከእጅሽ አትፈልጊው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ፌንጣ ስድስት እግር አለው፤ ሁለቱ ትልልቅ የኋላ እግሮቹ ግን ከሆዱ መካከል ተነሥተዋል። የፌንጣ ስድስቱም እግሮች፣ ክንፎቹም ጭምር፣ የሚነሡት በራሱና በሆዱ መካከል ካለው ከደረቱ ነው፤ ከሆዱ የሚነሣ አንድም እግር የለውም። ይህን አንቺ ለተማሪዎችሽ ታስተምሪያለሽ፣ ሰሌዳው ላይም «ራስ፣ ደረት፣ ሆድ» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ሆኖም ፌንጣው ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ ሳለ እግሩ ከየት እንደሚነሣ ሳታዪው ቀረሽ፤ እጅሽ የሳለው ከልጅነትሽ ጀምሮ በሐሳብሽ የተቀመጠውን ፌንጣ ነውና። ይህ በማንኛችንም ላይ የሚደርስ ነው። እኔም ብዙ ዓመት የወፍን እግር ተሳስቼ ስሥል ኖሬአለሁ፤ ስለ እርሱ ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ።

የምመክርሽ ሁሉ ከአንድ ልማድ የሚነሣ ነው። ያየሽውን ሳዪ፤ ያላየሽውን ክፍል ባዶ ተዪውና አጠገቡ «አልታየም» ብለሽ ጻፊ። ለግድግዳ የሚሰቀል ሥዕል የሚሠራ ሰው የጎደለውን ከምናቡ ሊሞላ ይችላል፤ መብቱም ነው። የተፈጥሮ ታሪክ ሥዕል ግን ምስክርነት ነው። ሥዕልሽን የሚያየው ሰው ምናልባት ያንን ፌንጣ በዓይኑ አይቶት የማያውቅ፣ የአንቺን መስመር አምኖ የእግሩን እሾህ የሚቆጥር ሰው ነው፤ በግምት የተሞላች አንዲት እግር ብትኖር ከእውነተኞቹ አምስት እግሮች ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ባዶው ቦታ ግን ማንንም አያሳስትም፤ አንቺንም በማግሥቱ ወደ ክልክሉ ስትመለሺ ምን ማየት እንዳለብሽ ይነግርሻል።

ከፌንጣው እንጀምር። ነፍሳት የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት ከአካባቢያቸው ስለሆነ፣ በደጋው ብርድ ጤዛው ሳይነሣ ብትወጪ ፌንጣው ሣር ላይ እንደተጣበቀ ታገኚዋለሽ፤ ፀሐይ እስክታሞቀው ድረስ መዝለል ይቸግረዋል። ቆላ የሚኖር ሠዓሊ ይህን ዕድል እምብዛም አያገኘውም። ቅዳሜ ጠዋት ጋቢሽን ደርበሽ ውጪ፣ ከነተቀመጠበት የሣር ዘንግ ንጹሕ ብርጭቆ ድፊበትና ጥላ ውስጥ እንዲቆይ አድርጊ። ከዚያ ለአምስት ደቂቃ እርሳስ አትንኪ፤ በዓይንሽ ብቻ መርምሪው። ቀንዶቹ ከሰውነቱ ያጥራሉ ወይስ ይረዝማሉ? የሚያጥሩ ከሆነ ጆሮው ከክንፉ ሥር፣ በሆዱ የመጀመሪያ ክፍል ጎን ላይ፣ እንደ ከበሮ የተወጠረች ስስ ቆዳ ሆና ትገኛለች። ከሰውነቱ የሚረዝሙ፣ እንደ ክር የቀጠኑ ቀንዶች ካሉት ወገኑ ሌላ ነው፤ ጆሮውም በፊት እግሮቹ ላይ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ትልቁን የኋላ ጭን ቀረብ ብለሽ እዪው። በውጭ ገጹ ላይ ሰያፍ መስመሮች እንደ ስንዴ ዛላ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ከጭኑ በታች ያለው ቀጭን ቅልጥም ከኋላው ሁለት ረድፍ እሾህ ተሸክሟል። እሾሁን ቁጠሪ። በአንቺ ሥዕል ላይ እሾሁ እንደ መጋዝ ጥርስ እኩል እኩል ተደርድሯል፤ ሳትቆጥሪው እንደሳልሽው ያስታውቃል።

ቀጥለሽ ማስመሪያ ከብርጭቆው ጎን አስጠግተሽ ርዝመቱን በሚሊሜትር ጻፊ፣ ጭኑ ከጠቅላላው ርዝመት ምን ያህሉን እንደሚይዝ በእርሳስሽ ጫፍ ለኪ፤ ከዚያ በሦስት እጥፍ አሳድገሽ ሳዪው። ከሥዕሉ ሥር፣ እርሱንም በሦስት እጥፍ አሳድገሽ፣ 30 ሚሊሜትር የሚረዝም መስመር አስምረሽ «10 ሚሊሜትር» የሚል ልኬት ካስቀመጥሽ፣ ሥዕሉ በኋላ በማተሚያ ቤት ቢተልቅም ቢያንስም መስመሩ አብሮ ስለሚተልቅና ስለሚያንስ ልኬቱ አይፋለስም። ስትጨርሺ ፌንጣውን ያገኘሽበት ሣር ላይ መልሺው።

ስለ ፌንጣው ቀለም ስትጽፊ «ቡናማ» ብለሽ አትለፊው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም በወሎ ቆላማ ወረዳዎች ላይ የወረደውን የበረሃ አንበጣ ታስታውሺያለሽ። አንበጣ ከአጭር ቀንዶቹ ፌንጣዎች ወገን ነው፤ ብቻውን ሲኖር ቀለሙ የደረቀ መሬት ይመስላል፣ በመንጋ ሲሰበሰብ ክንፍ ያወጣው ወጣቱ ሮዝ ይሆናል፣ ለመራባት ሲደርስ ደግሞ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ቀኑና ቦታው የተጻፈበት፣ ቀለሙም በታማኝነት የተቀባ አንድ የአንበጣ ሥዕል፣ መንጋው እንቁላል ለመጣል ምን ያህል እንደቀረው የሚናገር ሰነድ ነው። ቀለምን ለማሳመር ብሎ መለወጥ በዚህ ሙያ ለምን ከባድ ጥፋት እንደሚሆን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለተኛው ገጽሽ ላይ ያለችው አደይ አበባ ከፌንጣው ትሻላለች፤ እርስዋም ግን መሐሏ አንድ ቢጫ ክብ፣ ዙሪያዋ ስምንት መልካበባ ሆና ቀርታለች። አንዲት አደይ ቆርጠሽ ከነዘንጓ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጪና በመርፌ ጫፍ ክፈቻት። አንድ አበባ የመሰለችሽ የብዙ አበቦች ስብስብ ናት። ዙሪያውን ያሉት መልካበባ መሳዮች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ መሐሉ ላይ ያለው ክብ ደግሞ በጥቃቅን ቱቦዎች የተሞላ ነው፣ የእያንዳንዱ ቱቦ አፍም አምስት ጥርስ አለው። ቱቦዎቹ የሚፈኩት ከዳር ወደ መሐል በተራ ስለሆነ በአንዲት አበባ ላይ ዳሩ ፈክቶ፣ መሐሉ ገና እምቡጥ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ኑግና ሱፍም የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ካየሽ በኋላ መሐሉን በእርሳስ ነቁጥ ነቁጥ እያደረግሽ መሙላት አትችዪም፤ የትኛው ረድፍ እንደፈካ፣ የትኛው እንዳልፈካ እጅሽ ራሱ ይጠይቅሻል። ዙሪያውን ያሉትንም አሥር አበቦች ላይ ቁጠሪያቸው፤ በሁሉም ላይ ስምንት መሆናቸውን ሳታረጋግጪ ስምንት አትበዪ።

ሣሩም እንዲሁ ነው። በሥዕልሽ ላይ እንግጫውም ሰርዶውም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ጭረት ሆነዋል። እንግጫ በእጅሽ ካለ ዘንጉን በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መካከል አሽከርክሪው፤ ሦስት ማዕዘን እንዳለው ቆዳሽ ይነግርሻል። የሰርዶ ዘንግ ክብ ነው፣ በየመካከሉም አንጓ አለው፣ ቅጠሉ የሚነሣውም ከአንጓው ነው። ማገጥን ደግሞ በሦስት በሦስት የተመደቡ ቅጠሎቹ ይለዩታል። ዓይን የተጠራጠረውን ጣት ብዙ ጊዜ ይፈታዋልና ከመሳልሽ በፊት መዳሰስን ልማድ አድርጊው፤ መቅመስን ግን ተዪ፣ በደጋ ሣር መካከል የሚመርዝም አለና።

ክልክሉ ሰፊ ስለሆነ ከየት እንደምትጀምሪ ግራ እንዳይገባሽ፣ አራት ችንካር ተክለሽ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ በክር ከልዪና ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ እርሱን ብቻ ሳዪ። ይህ ለጀማሪ የሚሰጥ ትንሽ ሥራ እንዳይመስልሽ። አልብረኽት ዱረር የተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1503 አንዲት ቁራሽ የሣር መሬት ከነሥሯ በውሃ ቀለም ሥሎ ነበር፤ ሥዕሉ ዛሬ ቪየና በሚገኘው አልበርቲና ሙዚየም ውስጥ አለ፣ ዕፅዋቱንም አንድ በአንድ በስማቸው መጥራት የሚቻለው ሠዓሊው ተራ ሣር ነው ብሎ ምኑንም ስላላለፈ ነው። ቀይ ቀበሮውን በተመለከተ፣ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 በታች እንደሆኑ ታውቂያለሽ፤ እጅ ለማሟሟቅ ብሎ ጉድጓዳቸውን መቅረብ ተገቢ አይመስለኝም። አንድ ቀን ቦረና ሳይንት ወይም አቡነ ዮሴፍ ስትሄጂ ሩቅ ቆመሽ በግማሽ ደቂቃ የምትይዢበት እጅ ይዘሽ ሂጂ። ያ እጅ የሚሠለጥነው በክልክልሽ ወፎች ላይ ነው።

ወፎች ይበርራሉ ብለሻል። አዎ፣ ይበርራሉ፤ ስለዚህ ገጹን ለአንድ የተጠናቀቀ ወፍ አታዘጋጂው፣ ለስድስት ጅምሮች አዘጋጂው። አንዱን ጀምረሽ ወፏ ስትዞር ተዪውና ሌላ ጀምሪ፤ ሣር ስትለቅም የምትደጋግማቸው አቋቋሞች ጥቂት ናቸውና ወደ መጀመሪያው ስትመለስ አንቺም ወደ መጀመሪያው ሥዕል ተመለሺ። በመጀመሪያው ጥቂት ሰከንድ የምትይዢው ላባ ወይም ዓይን መሆን የለበትም፤ የጀርባዋን ዘንበልታ በአንድ መስመር፣ ገላዋን በአንድ እንቁላል፣ ራሷን በሌላ ትንሽ እንቁላል ያዢ። ከዚያ ጣቶቿ ከገላዋ ክብደት መሐል በታች ማረፋቸውን ተመልከቺ፤ በሦስተኛው ገጽሽ ላይ ያለችው ወፍ እግሯ ወደ ጅራቷ ስለሸሸ በአፍንጫዋ ልትደፋ ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የራሴ ስሕተት ደግሞ ይህ ነው፦ ወደ ኋላ የሚታጠፈው የወፍ «ጉልበት» ጉልበት መስሎኝ ኖሯል። ያ ቁርጭምጭሚቷ ነው። እውነተኛው ጉልበቷ ከላባ ሥር ተሸፍኖ፣ እንደ እኛው ወደ ፊት ይታጠፋል። ይህን ካወቅሁ በኋላ የሳልኳቸው ወፎች መቆም ጀመሩ።

በደጋ ሣር ሜዳ ላይ ከኋላዋ ስታያት የደረቀ ሣር የምትመስል፣ ቡናማ ጭረት ጭረት ያላት ወፍ አለች፤ ወደ አንቺ ስትዞር ግን ጉሮሮዋ ደማቅ ቢጫ፣ ከሥሩም እንደ ሐብል የተጠመጠመ ጥቁር መስመር ይታያል፤ የኋላ ጥፍሯም ከሌሎቹ ይረዝማል። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አትገኝም። ከክልክልሽ ካገኘሻት ታገሺያት። አንድ ጠዋት ሙሉ ጀርባዋን ብቻ አሳይታሽ ብትሄድ የጀርባዋን ሥዕል ይዘሽ ግቢ፤ ጉሮሮዋን ከመጽሐፍ ገልብጠሽ አትጨምሪበት። የወፍ ጎጆ ካየሽ ደግሞ ሣሩን ገልጠሽ አትሳዪ፤ የገለጥሽውን ቁራም ያየዋል።

ወደ አረንጓዴው ልምጣ። የበር ቀለም የሆነብሽ ከሳጥኑ የወጣውን አረንጓዴ እንዳለ ስለምትቀቢው ነው። ያንን ቀለም ለጊዜው በወረቀት ሸፍኚው። ቢጫና ሰማያዊ ቀላቅለሽ አረንጓዴ ሥሪ፤ ሲጮኽብሽ በብሩሽሽ ጫፍ ጥቂት ቀይ ወይም ቡናማ ጨምሪበት፣ ወዲያው ይረጋጋል። ከዚያ አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች ሥሪና በሐምሌ፣ በመስከረም፣ በኅዳር ከክልክልሽ የሣር ቅጠል እየቀጠፍሽ ቀለሙን አመሳስለሽ ሙዪያቸው። የሐምሌው እንጭጭ ሣር ወደ ቢጫ ያዘነብላል፣ ጥላ ያረፈበት ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ የኅዳሩ ደግሞ ገለባ እየሆነ ይመጣል። የቅጠሉን ሆድና ጀርባም ለዪ፤ የብዙዎቹ ጀርባ ፈዘዝ ያለ ነው። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ከእርጥቡ እንደሚቀል አትርሺ፤ ነጭ ቦታም በቀለም አይሠራም፣ ወረቀቱን ሳይነካ በመተው ነው የሚገኘው። የታችኛው ንብርብር ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትደርቢ፤ በክረምቱ ጉም ይህ ትዕግሥት ይጠይቃልና ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ሥሪ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እንድትቀጥዪ።

ቀለም ለመቀባት ጊዜ ባጣሽበት ቀን በቃል ጻፊው፤ «የዓይን ቀለበት፦ እንደ በሰለ ማንጎ» የሚል አንድ መስመር ከሳምንት በኋላም ያገለግልሻል። ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ የተባለው አሜሪካዊ የወፍ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ጉዞ ጋር ኢትዮጵያ መጥቶ ወፎቻችንንና አራዊታችንን በውሃ ቀለም ሥሏል። በዚያ ዘመን ወፍ ብዙ ጊዜ ተገድሎ ነበር የሚሣለው፤ የሞተ ወፍ ዓይን፣ ምንቃርና የእግር ቆዳ ደግሞ ቀለሙን ቶሎ ስለሚለቅ እነዚህን ክፍሎች ሳይውል ሳያድር መያዝ የግድ ነበር። ሠዓሊው አገሩ በተመለሰ በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ ወር 1927፣ መኪናውን ባቡር መትቶት ሞተ፤ ከኢትዮጵያ ያመጣቸው ሥዕሎች ግን ተረፉ። አንቺ ምንም መግደል አያስፈልግሽም። የተበረዘ ቀለም ሳይሆን የታየ ቀለም እንዲቀር የነበረውን ጥድፊያ ግን ብትወርሺው ደስ ይለኛል።

ምን ልግዛ ላልሽው አጭር መልስ አለኝ። ኤች ቢ እና ቱ ቢ እርሳስ፣ ለስላሳ ላጲስ፣ አሥራ ሁለት ቀለም ያለው ተራ የውሃ ቀለም ሣጥን፣ ጫፉ የማይበታተን አንድ ቀጭንና አንድ መካከለኛ ብሩሽ፣ አጉሊ መነጽር፣ ማስመሪያ። ገንዘብሽን ከቆጠብሽ ለወረቀቱ ቆጥቢ፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውሃ ቀለም ወረቀት እምብዛም አይጨማደድም፣ ቀጭኑ ወረቀት ግን ጥሩውንም ቀለም ያበላሸዋል። በየዕለቱ ለምትሠሪው ንድፍ ግን ተራ ወረቀት በካርቶን ላይ ቆንጥጠሽ ብትጠቀሚ ይበቃል። ለቀለም መስመር የመቃ ብዕር ራስሽ ቅረጪ። ሐይቅ እስጢፋኖስን በመሰሉ ገዳማትም በወሎ መድረሳዎችም ለስንት ዘመን በመቃ ሲጻፍ የኖረ አገር ላይ ሆነሽ የውጭ ብዕር እስክታገኚ አትጠብቂ።

ስልክሽን አትጣዪው፣ ሥራውን ግን አሳንሺለት። በቅርበት የተነሣ ፎቶ ለካሜራው የቀረበውን ክፍል ያገዝፋል፤ የፌንጣሽ ራስ የፈረስ ራስ ያከለውም ስለዚህ ነው። የቅጠሉ ደም ሥሮች ስንት እንደሆኑ ለማስታወስ ፎቶውን እዪው፣ ዙሪያውን ግን ከእርሱ አትቅጂ።

ስለ ትምህርት ቤቱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአለ የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት መግባት ከቻልሽ ታተርፊበታለሽ፤ የሰውና የእንስሳ አካል አቀማመጥን፣ ጥላና ብርሃንን በሥርዓት ትማሪያለሽ። ነገር ግን ለመጽሐፍ የሚሆነው የዕፅዋት ሥዕል ትልቁ ክፍል ያለዚያ ቅጥር ግቢ ሊሠራ የሚችል ነው። የአዲስ አበባና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በስምንት ጥራዝ ሲያስመዘግቡ ለማስረጃነት የተጠቀሙት ባብዛኛው በጥቁር ቀለም የተሠሩ የመስመር ሥዕሎችን ነው፤ ቀለም ቅብ እምብዛም የለበትም። እንዲህ ያለ ሥዕል የሚጠይቀው ልኬት፣ ንጹሕ መስመርና ጥላውን በነጥብ ማሳየት ነው፤ ብርሃኑም እንደ ልማዱ ከላይ ከግራ በኩል እንደሚመጣ ተደርጎ ይሣላል፣ ብዙ ሥዕሎች በአንድ ገጽ ሲሰለፉ ጥላቸው እንዳይጋጭ። ይህን በመቃ ብዕርና በትዕግሥት ኩታበር ተቀምጠሽ ልትለማመጂው ትችያለሽ።

እናትሽ ያሉትን ደግሞ አቃልዬ አላልፈውም፣ በአብዛኛው ልክ ናቸውና። ሥራው አለ፤ ለመማሪያ መጽሐፍ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለፓርክ መግለጫ ሥዕል የሚያሠራ ይገኛል። ነገር ግን በየወሩ የሚመጣ ሥራ አይደለም፣ ክፍያውም ቤት አያስተዳድርም። ከመምህርነትሽ እንድትወጪ አልመክርሽም። ይልቁንም ሥዕሉን ወደ ክፍልሽ አስገቢው፤ አርባ ልጆች ከበቀለች ባቄላ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ያዩትን ብቻ ሲሥሉ፣ ያላዩትንም «አላየሁም» ብለው ሲጽፉ፣ ሳይንስ ማለት ምን እንደሆነ በቃል ከምታስረጃቸው ይልቅ ይገባቸዋል። ለእናትሽም እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው፦ ደመወዜን የማገኝበትን ሥራ በደንብ እንድሠራው እየረዳኝ ነው።

በገጾችሽ ላይ ስምሽ፣ ቀኑ፣ የቦታው ስም የለም። ዛሬውኑ ጻፊባቸው። እ.ኤ.አ. በ1769 ኢትዮጵያ የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ የአገራችንን ዕፅዋትና አዕዋፍ በብዙ ድካም ሥሎ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስ በ1790 የጉዞ ታሪኩን ሲያሳትም ለሠዓሊው የሚገባውን ክብር አልሰጠውም። ዋጊኖስ የምንለው ቁጥቋጦ እንኳ በሳይንስ ስሙ የሚጠራው በብሩስ ስም ነው። የባሉጋኒ እጅ የታወቀው በኋላ ዘመን ሥዕሎቹን ባጠኑ ሰዎች ድካም ነው። አንቺ ለማንም ይህን ድካም አታቆዪለት፤ በእያንዳንዱ ገጽ ታችኛ ጥግ ስምሽን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ «የአያቴ ክልክል፣ ኩታበር» የሚለውን፣ የአየሩንም ሁኔታ በአንድ ቃል አስፍሪ። የሳልሽው ነገር በአካባቢው የሚጠራበትን ስም ከአያትሽ ጠይቀሽ ጻፊ። እርሳቸው የሣሩን ዓይነት በስም የሚለዩበት ዕውቀት ከሥዕልሽ ባልተናነሰ መመዝገብ ያለበት ነው፤ አንዱ ሣር ለድርቆሽ፣ ሌላው ለክዳን፣ አክርማው ለስፌት የሚሆንበትን ምክንያት እየነገሩሽ ያንኑ ሣር ብትሥዪው፣ ገጹ በየትም አገር መጽሐፍ የማይገኝ ነገር ይይዛል።

አሁን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። አያትሽ ክልክሉን ለድርቆሽ የሚያሳጭዱት ሣሩ ሲደርቅ ስለሆነ ጥቂት ሳምንት ብቻ ቀርቶሻል። በችንካር የከለልሻትን አንድ ሜትር ሳትታጨድ እንዲተዉልሽ ዛሬውኑ ለምኛቸው፤ አበባው ከረገፈ በኋላ የሚቀረው ፍሬ ብዙ ጊዜ ከአበባው ይልቅ ተክሉን ለይቶ ያሳውቃልና። ልብስሽ ላይ የሚጣበቀው ጨጎጊት የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ ነው። ከክልክሉ ስትወጪ ከቀሚስሽ ጠርዝ አንዱን ፍሬ ነቅለሽ በአጉሊ መነጽር እዪው፤ ጫፉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ቀንዶች አሉ፣ በቀንዶቹም ላይ ወደ ኋላ የተቀለበሱ ጥቃቅን እሾሆች አሉ። ከደረቀችው አደይ ራስ ላይም አንድ ፍሬ አውጥተሽ ከጎኑ አስቀምጪና ሁለቱን በአንድ ገጽ፣ በአሥር እጥፍ አሳድገሽ ሳያቸው። ያንን ገጽ ላኪልኝ፤ ያላየሽውንም ባዶ እንደተውሽው ላኪው።